ግማሽ ቢጫ መስመር

የሮዝሊን ፎርቲየ መኪና የተገኘችው አፍንጫዋን ወደ መንገዱ፣ ጀርባዋን ወደ ገደሉ ሰጥታ፣ በሁለት ጥዶች መካከል ተሰንቅራ ነው። ኢንስፔክተር ኦዲል ታርዲፍ ቁልቁለቱን በቂጧ እየተንሸራተተች ወረደች። ሌላ መውረጃ አልነበረም። ሲያካፋ ያደረው ዝናብ መሬት እንደነካ እየረጋ መንገዱንም፣ ድንጋዩንም፣ የጥዱን ቅርንጫፍም መስታወት አልብሶታል። የሳንት-ዞኤ መንደር በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋዎች ሬሳውን ቀደም ብለው አውጥተዋል። የቀረው የረገፈ መስታወት፣ የፈሰሰ ዘይት፣ የአንዲት የአረጋውያን ቤት ነርስ ቦርሳ፣ ከቦርሳው ወጥቶ በበረዶው ላይ የተበተነ ነጭ ጥጥ ነው።

«ፈጥና ነው» አለ ሳጅን ሞሪሴት ከመንገዱ ዳር ሆኖ። የመውረድ ሐሳቡም አልነበረው።

«ፈጥና ቢሆን አፍንጫዋ ይቀድም ነበር። ይቺ የሄደችው በቂጧ ነው። ቂጥ ሲቀድም ጥፋቱ የኋላ ጎማ ነው።»

«አንቺም በቂጥሽ ነው የወረድሽው።»

«እኔ ቢያንስ ወርጃለሁ።»

በጉልበቷ ተንበረከከች። የፊት ጎማዎቹ ትኩስ ናቸው፤ ጥርሳቸው ጥልቅ፣ በረዶ የሚነክሱት የብረት ምስማሮች ገና ያብለጨልጫሉ። የኋላዎቹን በጓንቷ ጠረገቻቸው። ሕጉ ለክረምት ጎማ የሚጠይቀው ምልክት፣ ተራራ ውስጥ የተሳለችው የበረዶ ቅንጣት፣ ጎናቸው ላይ አለ። ከምልክቱ በቀር ግን ምንም የላቸውም። ምስማር የለ፣ ጥርስ የለ፤ እንደ ሽማግሌ ድድ ሙልጭ ብለዋል። ጎናቸው ላይ የታተመው ቁጥር የተሠሩት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በዓመቱ ሠላሳ አራተኛ ሳምንት መሆኑን ይናገራል።

አንድ ነገር ደግሞ አየች። በየፊት ጎማው ላይ ካሉት ዳዶዎች በአንዱ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፤ መስመሩ ከዳዶው ተነስቶ ቸርኬው ላይ ይቀጥላል። የኋላዎቹ ላይ ቢጫው ዳዶው ላይ ብቻ ነው። ቸርኬው ጥቁር ነው። ጨውና ጭቃ አጥቦት ይሆናል ብላ አለፈችው፤ ግን በማስታወሻዋ ጻፈችው።

ከመኪናው ኪስ ውስጥ አንድ ወረቀት ወጣ። «ጋራዥ ላንክቶ። ኖቬምበር 12። አራት አዲስ ባለምስማር ጎማ፣ ከነቸርኬው።»

አራት!

መንገዱ ዳር፣ በእሳት አደጋው መኪና ደረጃ ላይ፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ራሱን ይዞ ይንሰቀሰቃል። ክሌማን ሳቫር ነው፤ የሟቿ ወንድምና ጎረቤት፣ የእሳት አደጋ ብርጌዱ ሬዲዮ ያዥ። ወረቀቱን በኦዲል እጅ ሲያይ ብድግ አለ።

«አርማን ላንክቶ ነው የገደላት! አራት ብሎ ሁለት አስገባላት! ይሄ ሌባ ሽማግሌ እህቴን ገደላት!»

ለእሳት አደጋዎቹ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ። ያን ሰኞ እኩለ ቀን ሳይደርስ ሳንት-ዞኤ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

*

አርማን ላንክቶን ያገኘችው አካፋ ይዞ የአጋዘን ሆድ ዕቃ ሲዝቅ ነው። ከአደን ወራት ጀምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመ አንጀትና ጨጓራ አምጥተው ጋራዡ ደጃፍ ላይ ዘርግፈውለታል። ግማሹ ከሲሚንቶው ጋር ረግቶ አልላቀቅ ብሏል። ሽታው በዚያ ብርድ እንኳ አፍንጫ ይገባል። ኦዲል መሐረቧን አወጣች።

«ማን ነው?»

«ደንበኞቼ» አለ አርማን ቀና ሳይል። «ግቢ፣ ማዳም ኢንስፔክተር። እግርሽን አንሺ።»

ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እጁ ከጎማው ይጠቁራል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «አራት፣ ወይም ደህና ሁን።»

«ምን ማለት ነው?»

«በየዓመቱ ይመጡና ‹ሙሴ አርማን፣ ሁለት ብቻ ለፊት አስገባልኝ፤ የሚጎትተው ፊቱ ነው፣ ኋላው ተከትሎ ነው የሚሄደው› ይሉኛል። አባቶቻቸውም ይሉኝ ነበር። ፊቱ ጠምዘዝ ሲል ኋላው አልከተልም ካለ መኪና እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። እና አባርራቸዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሰድቡኝ ኖሬያለሁ።»

«ሮዝሊን ሁለት ፈልጋ ነበር?»

«ሮዝሊን? ከመንደሩ አራት ብላ የመጣች እሷ ብቻ ነች። አራት አስገባሁላት። ዳዶ አዲስ ሲታሰር ይላላል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው ተመልሰው እንዲጠበቅላቸው አዛለሁ። ከአሥሩ ዘጠኙ አይመለሱም። እሷ ኖቬምበር ሃያ መጣች። አጠበቅሁላት። ያን ቀን አራቱም ነበሩ።»

«ምስክር አለዎት?»

«ደብተሬ።»

«የጻፉት እርስዎ።»

«ታዲያ አጋዘኑ ይጻፍልኝ?»

ኦዲል ልትስቅ ምንም አልቀራትም። አርማን ወደ ሥራው ዞረ። ክሪክ ላይ የተነሳችውን መኪና ዳዶ አጠበቀ፤ ከዚያ ትንሽ ብሩሽ ቢጫ ቀለም ውስጥ ነክሮ በዳዶውና በቸርኬው ላይ አንድ መስመር ጫር አደረገ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ካጠበቅሁ በኋላ ነው የምቀባው። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ ከሩቅ አየዋለሁ።»

ኦዲል ማስታወሻዋን ገለጠች። ጨውም ጭቃም አላጠበውም ማለት ነው። የሮዝሊን የኋላ ዳዶዎች ግማሽ መስመራቸውን ይዘዋል። ሌላው ግማሽ ከቸርኬው ጋር ሄዷል። አርማን አጥብቆ ከቀባ በኋላ ሰው ፈቷቸዋል።

«ሙሴ አርማን፣ የሮዝሊን ቸርኬ የሚገጥመው ለስንት መኪና ነው?»

«ለግማሹ መንደር። ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ጎረቤቱ የገዛውን ነው የሚገዛው» አለና አካፋውን አነሳ። «ልታስሪኝ ነው?»

«እስካሁን አይደለም።»

«እንግዲያው ይሄን ልጨርስ።»

*

አለቃዋ ካፒቴን ቤሊል ኬክ እየበላ አዳመጣት። አፉን ሳይጠርግ ተናገረ።

«ሽማግሌው ቀባ፣ ከዚያ እዚያው ቆሞ ፈትቶ አሮጌ ገጠመ። ምን ይከለክለዋል?»

«ቀድሞውኑ አሮጌ ሊገጥም የፈለገ ሰው ለምን አዲስ አስሮ ቀለም ይቀባል?»

«ለማታለል።»

«ማንን? ቀለሙን የሚያየው እሱ ብቻ ነው።»

«ኦዲል፣ አርማን ይታሰር ብሎ አራት መቶ ሰው ፈርሞ አምጥቶልኛል። ወንድሟ ነው ከቤት ቤት እየዞረ ያስፈረመው። አቃቤ ሕጉ መዝገቡን ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ይፈልጋል። ሌላ ስም ካላመጣሽ የአርማን ስም ነው የሚሄደው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። እስከዚያ ቸርኬዎቹን ካገኘሽ አግኚ።»

በዚያ ዕድሜ እስር ቤት የገባ ሰው እንዴት እንደሚወጣ ኦዲል ታውቃለች።

*

ባልየው ሬሚ ፎርቲየ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ጎረቤት ያመጣው ስድስት ቶርትየር፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ስጋ፣ ተደርድሯል፤ አንዱም አልተቆረሰም። ከጠረጴዛው ሥር ሻንጣ አለ።

«መንገድ ልትሄድ ነው?» አለችው።

«ልሄድ ነበር። ሮዝሊን ታውቃለች። ከሌላ ሴት ጋር ነኝ።» ዓይኑን አላነሳም። «አሁን ሰው ሁሉ ይጠላኛል። ይጥላኝ።»

ምድር ቤቱን ፈተሸች። መስቀለኛ ጎማ መፍቻ አገኘች፤ ያውም አዲስ። ሬሚ ትከሻውን ነቀነቀ። «የእሷ ነው። ራሷ ነበር የምትፈታው። እኔ ሐሙስ ወደ ማዕድን ካምፕ ሄጃለሁ፣ የመጣሁት ሰኞ ሞተች ብለው ሲጠሩኝ ነው። በር ላይ ካርድ እናስነካለን።»

ሳጅን ሞሪሴት ካምፑ ጋ ደወለ። የበሩ ማሽን እውነቱን መሰከረ። ከሐሙስ ጠዋት እስከ ሰኞ ሬሚ ከአጥሩ አልወጣም። መጥፎ ባል ነው፤ ጎማውን ግን አልነካም።

«መኪናዋ እስከ መቼ ነበረች አራት ጥሩ ጎማ ይዛ?» ስትል ኦዲል ጠየቀች።

«ሐሙስ ማታ ሥራ አድራ ዓርብ ጠዋት በደህና መጥታለች፤ ደውላልኛለች። ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች። ቅዳሜና እሁድ ዕረፍት ነበራት፤ ከቤት አልወጣችም። ሰኞ ጠዋት ነው የነዳችው።»

እንግዲያው ዓርብና እሁድ መካከል፣ ከዚሁ ደጃፍ ነው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ክሌማን ሳቫር ሰባተኛውን ቶርትየር ይዞ ገባ፤ አስቀመጠው፣ ቢላ አነሳ፣ ለራሱ ቆረሰ።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ኢንስፔክተር?» አለ እያኘከ። «ሽማግሌው ገና ጎማ እየሸጠ ነው!»

«ቅዳሜና እሁድ የት ነበርክ፣ ሙሴ ሳቫር?»

«ቤቴ። የት እሆናለሁ? ሆኪ እያየሁ።» ወገቡን ይዞ ተቃሰተ። «ከሴፕቴምበር ጀምሮ ወገቤ ሞቷል። ባልዲ እንኳ አላነሳም፣ ሐኪም ከልክሎኛል። ብርጌዱ ውስጥም ሬዲዮ ነው የምይዘው።»

«በእህትህ ደጅ ሰው ሲዞር አላየህም?»

«አላየሁም። ደግሞ ምን ማየት ያስፈልጋል? ሌባው ይታወቃል።» የቶርትየሩ ቅባት በአገጩ ወረደ፤ በእጁ ጀርባ ጠረገው፤ እጁን በሮዝሊን የጠረጴዛ ጨርቅ ጠረገው።

ኦዲል ጨርቁን አየች። ነጭ ነው፤ በእጅ የተጠለፈ። ተነስታ ወጣች።

*

ሦስት ቀን ሙሉ ከሞሪሴት ጋር በመንደሩ መንገድ ዳር የቆሙ መኪናዎችን ጎማ እየተንበረከኩ አዩ። ሃያ ሰባት። ቢጫ ግማሽ መስመር የያዘ ቸርኬ የለም። በየቤቱ ጋራዥ ውስጥ የተዘጋባቸውን ለመክፈት ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ለግማሽ መንደር ትእዛዝ የሚሰጥ ዳኛ የለም። ዳቦ ቤት ስትገባ ማዳም ብላንሼት ቡናዋን በደረቁ ገፋችላት።

«ለገዳይ ጠበቃ ሆነሻል አሉ።»

«ጎማ ቆጣሪ ነው የሆንኩት። ያንቺን አይቻለሁ፤ አራቱም የመላጣ ራስ ናቸው።»

ሐሙስ ከሰዓት አርማን ሰሌዳውን ከግድግዳው ሲያወርድ አገኘችው። «ለእህቴ ልጅ ልሰጠው ነው» አለ። «ነገ የምትመጪ ከሆነ ጠዋት ነይ። ካልሲ በቦርሳ አዘጋጅቻለሁ።»

ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠችና መሪውን በቡጢ መታች።

*

ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት ቀብር ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፤ የቤተ ክርስቲያኑ አስፋልት ጨው ተነስንሶበት ጥቁር ሆኖ ተገልጧል። ኦዲል ደረጃው ግርጌ ቆመች። የመጣችው ሰው ለማየት ነበር፤ ያገኘችው ግን በጆሮዋ ነው።

መኪናዎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። ምስማር የሌላቸው ዝም ብለው ይንሸራተታሉ። ባለምስማሮቹ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲወጡ ከአራቱም ጎማ ቀጭቀጭቀጭ ይላሉ፤ ድስት ውስጥ ሩዝ እንደሚበትን ሰው። ከዚያ አንድ ግራጫ መኪና ገባ። ቀጭቀጩ ከፊት ብቻ ነው። ኋላው ድምፅ የለውም።

ፊት አለ፣ ኋላ የለም። የአርማን ደንበኛ ሊሆን አይችልም፤ አርማን ሁለት አይሸጥም።

መኪናው ቆመ። ክሌማን ሳቫር በጥቁር ከረባት ወረደ። ወደ ሬሳ መኪናው ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የእህቱን ሣጥን የፊት እጀታ ይዞ፣ ሳይቃሰት አነሳ። ባልዲ የማያነሳው ወገብ አምስቱን ሸካሚዎች አስከትሎ ደረጃውን ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ኦዲል ግራጫው መኪና ሥር ተንበረከከች። የፊት ጎማዎቹ አዲስ ናቸው። ቸርኬዎቹ ላይ፣ በዳዶው ጥግ፣ መነሻ የሌለው ቢጫ ግማሽ መስመር አለ፤ ዳዶዎቹ ላይ ግን ጠብታ ቀለም የለም። ወደ ኋላ ዞረች። ጎኑን ጠረገች። ሠላሳ አራተኛ ሳምንት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት። የአራት ወንድማማች ጎማ ሁለቱ እዚህ፣ ሁለቱ ገደል በገባችው መኪና ላይ።

ከውስጥ የኦርጋን ድምፅ ይሰማል። በእህቱ ጎማ እየነዳ ወደ እህቱ ቀብር መጥቷል!

እስኪያበቃ ጠበቀች። ሣጥኑ ላይ አፈር እስኪጥል፣ ሰው እስኪያቅፈው፣ የአራት መቶው ፊርማ ባለቤቶች ትከሻውን እስኪመቱት ጠበቀች። ወደ መኪናው ሲመለስ ኮፈኑ ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ ሞሪሴት ከኋላው ነው።

«ዳዶህ ላይ ቀለም የለም፣ ሙሴ ሳቫር። ቸርኬህ ላይ አለ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ጎማውን አየ፤ ቢጫዋን ያያት ያኔ ገና ነው።

«ልመልሰው ነበር» አለ።

«መቼ?»

«እሁድ። ዓርብ ተኝታ ሳለች ነው የፈታሁት፤ የመኪናዋ ቁልፍ አያስፈልግም። ኪቤክ ከተማ የምትጠብቀኝ ሴት ነበረች፣ በተራራው ፓርክ ውስጥ ማለፍ አለብኝ። የእኔ ጎማ አልቆ ነበር፤ እንዴት ልሂድ? አራቱንም መውሰድ እችል ነበር እኮ! ሁለት ብቻ ነው የወሰድኩት። የኋላዎቹን። የፊቱን ትቼላታለሁ።»

«ደግ ነህ።»

«የሚጎትተው ፊቱ ነው! ኋላው ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ሁሉም ሰው ያውቃል!»

«እሁድ ስትመለስ ምን ሆንክ?»

«የሆኪው ጨዋታ ተራዘመ። ሲያልቅ ደግሞ ብርዱ... ብረቱ ጣት ላይ ይጣበቃል። ነገ አደርገዋለሁ አልኩ። ዝናብ እንደሚመጣ አላወቅሁም። ሰኞ ስነቃ ሬዲዮው ይጮኻል።»

ሞሪሴት እንኳ ፊቱን አዞረ።

«ገደሉ ጋ ስትደርስ የኋላ ጎማውን አይተሃል» አለች ኦዲል። «የራስህን ጎማ አውቀኸዋል። ቀጥሎ የከፈትከው አፍ የአርማንን ስም ጠራ።»

ክሌማን ከረባቱን አላላ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አምስት ቀን ሙሉ ለምን አልፈታሃቸውም? ሐይቅ ውስጥ ብትጥላቸው ኖሮ እስከ ዛሬም አላገኝህም ነበር።»

ክሌማን ሳቫር ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቀችው ሁሉ አያት።

«ክረምት ነው እኮ» አለ። «ደግሞ አዲስ ናቸው።»

«አርማንስ?»

«እሱ ሰባ ሊሞላው ነው። ጋራዡንም ሊዘጋ ነበር።»

ካቴናውን ራሷ ልታስርለት ነበር ሐሳቧ። እጇን ዘርግታ አገጩን አየች፤ ትዝ ያላት የሮዝሊን የጠረጴዛ ጨርቅ ነው። ካቴናውን ለሞሪሴት ሰጠችው።

«አንተ እሰረው። እኔ ልነካው አልፈልግም።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ በፖሊስ ጣቢያው ግቢ የግራጫው መኪና የፊት ቸርኬ ከገደል በወጣችው መኪና ላይ፣ በዚያው ዳዶ ታሰረ። ሁለቱ ግማሽ መስመሮች ገጠሙ፤ ከአንድ ብሩሽ፣ በአንድ ጊዜ የተጫረ አንድ ቢጫ መስመር ሆኑ። እኩለ ቀን ሊሆን አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀር መዝገቡ በሌላ ስም ሄደ።

*

ቅዳሜ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር በረዶ እንደሚጥል ሬዲዮው ተናገረ። ኦዲል ጠዋት ጋራዥ ላንክቶ ስትደርስ የመኪና ሰልፉ እስከ ዳቦ ቤቱ ተዘርግቷል። የፈረሙት ሁሉ አሉ። ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ስለ ክሌማን ያወራሉ፤ «እኔማ ድሮም ጠርጥሬው ነበር» ይባባላሉ። ይቅርታ የሚል አንድ አፍ አልሰማችም።

ሰሌዳው ወደ ግድግዳው ተመልሷል። የካልሲው ቦርሳ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ማዳም ብላንሼት የመጀመሪያዋ ነች። «ሙሴ አርማን፣ የኔ ጌታ፣ ቶሎ በልልኝ፣ ዱቄቴን ትቼ ነው። ሁለት ብቻ። ለፊት።»

አርማን ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ አስቀመጠ።

«ማዳም ብላንሼት፣ መኪናሽን አውጪልኝ። መንገድ ዘግተሻል።»

«ምን አጠፋሁ? ኋላው እኮ...» አለችና የኦዲልን ዓይን አየች። ቀላች። «እሺ፣ እሺ። አራት።»

«ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቁሚ።»

ሴትየዋ እያጉረመረመች ወጣች። ደጃፉ ላይ፣ ሲሚንቶው ጥግ፣ አርማን ያልላቀቀው የአጋዘን አንጀት ረግቶ ቀርቷል። ሁሉም ሰው እግሩን አነሳ አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ ተሻግሮት ይገባል፤ የማን ሥራ እንደሆነ ለማንም አልጠፋም።

ኦዲል ኮቷን አወለቀች። በሩ ጀርባ የቆመውን አካፋ አንስታ ጎንበስ አለች።